አቫታር ወይስ ኦፐንሃይመር?

ባሕር ዳር ውስጥ ፊልም የሚወዱ ሰዎች ከተገናኙ ክርክር አይቀርም። የእኛ የሰሞኑ ክርክር «አቫታር፦ ዘ ዌይ ኦፍ ዋተር» እና «ኦፐንሃይመር» ላይ ነበር። አንዱ በ2022፣ ሌላው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ሁለቱም ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳሉ።

አቫታር ለዓይን ነው። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ተዋንያኑን እውነተኛ የውሃ ገንዳ ውስጥ አስገብቶ ነው የቀረጻቸው። እኔ ጣና ዳር ነው ያደግኩት፤ ውሃው አላታለለኝም፣ ውሃ ነው። ታሪኩ ግን ሳሳብኝ። ቤተሰብ ይሸሻል፣ ጠላት ይከተላል፣ ይዋጋሉ። በቃ።

ኦፐንሃይመር የአቶም ቦምብ ሥራን ስለመራው ሳይንቲስት ነው፤ አብዛኛው ወሬ ነው። ከደብረ ማርቆስ የመጣው ጓደኛዬ መጀመሪያ ላይ «ይሄ ፊልም ነው ስብሰባ?» ብሎኝ ነበር። ቦምቡ የሚሞከርበት ትዕይንት ሲደርስ ግን እፍኝ ቆሎ እንደያዘ እጁ አፉ ጋ ሳይደርስ ቀረ። ብርሃኑ መጣ፤ ፍንዳታው አይሰማም። የሰው ትንፋሽ ብቻ። ድምፁ ቆይቶ ነው የሚደርሰው። በእርግጥም ድምፅ ከብርሃን ይዘገያል፤ ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ያንን ዝምታ ፍርሃት አድርጎ ተጠቀመበት። እኔም ልቤ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ፊልሙ 7 ኦስካር ወስዷል፣ የዓመቱ ምርጥ ፊልም የሚለውን ጨምሮ። አቫታር ያገኘው አንድ ነው፣ በቪዥዋል ኢፌክት። ለእኔ ይገባዋል።

ትልቅ ስክሪን ካገኛችሁ አቫታርን እዩ፤ በስልክ ግማሹን ያጣል። ቤት ውስጥ፣ ከጓደኛ ጋር ከሆነ ግን ያለ ማመንታት ኦፐንሃይመር። ጓደኛዬ በማግስቱም ቁርስ ላይ ስለ እሱ ነበር የሚያወራው።