ባሊስቶል፦ ዝገትን የማያሟሟ የዝገት ዘይት

በጠመንጃ አፈሙዝ ላይ ብቅ የሚለውን ስስ ዝገት ለማስለቀቅ ከሞከርኳቸው ቅባቶች ሁሉ ደጋግሜ የምመለስበት ባሊስቶል ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ብዙ ገዢዎች እንደ ጉድለት የሚቆጥሩበት ጠባዩ፣ ማለትም ዝገቱን በራሱ የማያሟሟ መሆኑ ነው።

አፈሙዙ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ቀለም ተቀብቶ ሳይሆን የብረቱ ገጽ በኬሚካል ተለውጦ ማግኔታይት የተባለ እጅግ ስስ የብረት ኦክሳይድ ሽፋን ስለሆነ ነው። ቀዩ ዝገትም የብረት ኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ኮምጣጤም ሆነ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ዝገት ማስለቀቂያ፣ ሌላው ቀርቶ አሲድ የለውም እየተባለ የሚሸጠው መዘፍዘፊያ እንኳ፣ ሁለቱን ስለማይለይ ዝገቱን ሲያነሳ ጥቁሩንም ገጽ አብሮ ያነሳና ብረቱን አመድማ አድርጎ ይተወዋል።

እ.ኤ.አ. በ1904 በጀርመን አገር የተዘጋጀው ባሊስቶል ግን በአብዛኛው የነጠረ የማዕድን ዘይት ሲሆን፣ በመጠኑ አልካላይን ስለሆነ ከእጅ ላብ የሚቀረውን አሲድ ያረግባል፤ የእንጨት ሰደፍንና የቆዳ ማንገቻንም አይጎዳም። ሽታውን በተመለከተ፣ ኡዞ የተባለውን የአኒስ ሽታ ያለው የግሪክ መጠጥ የሚወድ ሰው ቅር አይለውም፤ ሌላው የቤተሰብ አባል ግን መስኮት ማስከፈቱ አይቀርም።

መሣሪያው ጥይት እንደሌለበት ከተረጋገጠ በኋላ ዘይቱ በዝገቱ ላይ ተቀብቶ ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት፣ ቢቻል ሌሊቱን በሙሉ ይተዋል። ከዚያም ባለ አራት ዜሮ የሚባለውን እጅግ ቀጭን የብረት ሱፍ በዘይቱ አርሶ፣ አስቀድሞ ከሰደፉ ሥር በሚደበቅ ቦታ ላይ ሞክሮ፣ በጣት ጫፍ ብቻ ቀስ እያሉ ማሸት ነው። የድስት መፈተጊያ ሽቦና ብርጭቆ ወረቀት ከነጭራሹ አይታሰቡም። ጥቂት እንደታሸ ዘይቱ ቡናማ ጭቃ ይሆናል፤ ይህ ጭቃ ራሱ ብረት የሚሞርድ ዱቄት ስለሆነ ቶሎ ቶሎ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ መጠረግና ዘይቱ መታደስ አለበት። አፈሙዙን ወደ መስኮት አዘንብሎ በጎን ብርሃን ሲያዩት ነጭ ብረት ብልጭ ማለት ከጀመረ፣ ዝገት ቢቀርም እንኳ እጅ መሰብሰብ ይሻላል። የነሐስ ሱፍ ከተገኘ ኋላ ላይ የሚዝግ ብናኝ ስለማይተው ይመረጣል። በሙቀት ሰማያዊ እንዲሆኑ የተደረጉ ትንንሽ ብሎኖች ግን ሽፋናቸው በጣም ስስ ስለሆነ በዘይት የራሰ ጨርቅ ይበቃቸዋል።

ዝገቱ ብረቱን ቦርቡሮ ከገባ ባሊስቶል የሚያደርገው ነገር የለም፤ በዚያ ቦታ ጥቁሩ ገጽ አስቀድሞ ስለጠፋ ዝገቱ ሲነሳ የሚታየው ግራጫ ጠባሳ ነው፤ ይህንንም ዘይቱ አበላሸው ብሎ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። የእኔ ቅሬታ በሌላ በኩል ነው፦ ቅባቱ ስስ ስለሆነ እርጥበት ባለበት ቤት ለወራት ለሚቀመጥ መሣሪያ ብቻውን አያስተማምንም፤ በላዩ ወፈር ያለ መከላከያ ቅባት ወይም ሰም ይፈልጋል። የሚረጨው ዓይነት ደግሞ ግማሹ አየር ላይ ስለሚባክን፣ ለዚህ ሥራ በጨርቅ እየነከሩ የሚቀቡትን ፈሳሹን መግዛት ያዋጣል።