ኢካት፣ ሳንጋኔር፣ አጅራክ ወይስ ካላምካሪ? የህንድ ጥለት ያለው የግድግዳ ወረቀት ስትመርጡ

አምና ኮሪደራችንን አጅራክ የሚባለው የህንድ የማኅተም ጥለት ያለበት የግድግዳ ወረቀት አለበስኩት። በስልኬ ሳየው ልቤ ጠፍቶ ነበር፤ ድፍን ሰማያዊ፣ ጠቆር ያለ ቀይ፣ መሃል መሃሉ ላይ ነጭ ኮከብ። ኮሪደሩ ግን መስኮት የለውም። በማግሥቱ ጠዋት ከመኝታ ቤት ስወጣ ዋሻ የገባሁ መሰለኝ። ልጄም መብራት ካልበራ ሽንት ቤት አልሄድም አለች።

ወረቀቱ ምንም አላጠፋም። ችግሩ የኔ አመራረጥ ነው። እነዚህ ጥለቶች የተወለዱት ለጨርቅ ነው። ጨርቅ ይታጠፋል፣ ይሸበሸባል፣ የለበሰው ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ጥለቱን የምናየው ቁርጥራጩን ነው። ግድግዳ ላይ ሲሆን ግን ሁሉም በአንዴ ፊት ለፊት ያፈጥብናል። ስለዚህ "የቱ ያምራል" ከማለታችሁ በፊት የቱ ተዘርግቶ ሲታይ ይቻላል ብላችሁ ጠይቁ።

ለጀማሪ የምመክረው ኢካት ነው። ኢካት ክሩ ሳይሸመን በፊት እየተቋጠረ የሚነከርበት ሥራ ነው። በህንድ ጉጃራት ግዛት፣ ፓታን ከተማ የሚሠራው ፓቶላ የሚባለው ኢካት ደግሞ ድሩም ማጉም እንዲሁ ተነክሮ፣ ሁለቱ በሸማኔው እጅ ላይ ቦታ ለቦታ እንዲገናኙ ይደረጋል፤ አንድ ሳሪ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ክር እንደ ማተሚያ ልክ አይቆምም፣ ትንሽ ይንሸራተታል። የኢካት ጠርዝ ውሃ እንደነካው ቀለም የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። የወረቀት ዲዛይነሮች ይህንኑ ብዥታ ነው የሚያትሙት፣ ለእናንተም የሚጠቅማችሁ እሱ ነው፤ ስትለጥፉ ሁለት ሚሊ ሜትር ብትስቱ ማንም አያይባችሁም። በሌሎቹ ሁለት ሚሊ ሜትር ያስለቅሳል። ዚግዛግ የሆነውን ኢካት ግን በር አጠገብ አታድርጉት። የበሩ መቃን ትንሽ ከተጣመመ ዚግዛጉ ያሳብቅበታል።

የተቀረጸ እንጨት ቀለም ተነክሮ ጨርቅ ላይ የሚታተምበት የእንጨት ማኅተም ሥራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከሳንጋኔርና ከባግሩ ነው የምትመርጡት። ሁለቱም ህንድ ውስጥ ጃይፑር ከተማ አጠገብ ናቸው፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሳንጋኔር ነጭ መደብ ላይ ደቃቅ አበባ ነው፤ ጠባብ መኝታ ቤት አራቱንም ግድግዳ ብታለብሱት አያፍንም። ባግሩ መደቡ አፈርማ ሆኖ ቀይና ጥቁር ይበዛበታል፤ ቀለም እንዲገባበት ያልተፈለገውን ቦታ በጭቃ እየሸፈኑ የሚነክሩበት ዘዴም አላቸው። የልጅ እጅ የሚዳስሰው ግድግዳ ካላችሁ ባግሩ ይሸሽግላችኋል።

ማኅተም መሰል ወረቀት ስትገዙ አንድ ነገር ጠጋ ብላችሁ እዩ። በእጅ ሲታተም አንዱ አበባ ትንሽ ይደምቃል፣ አንዱ ይሳሳል፣ የአንዱ ቅጠል ከመስመሩ ይወጣል። ርካሹ ወረቀት ይህን "ስህተት" አንዴ ይቀዳና በየግማሽ ሜትሩ ይደግመዋል። ያቺን ያፈነገጠች ቅጠል አንዴ ካያችኋት በቃ፣ ግድግዳው ላይ ሃያ ቦታ እየቆጠራችኋት ነው የምትኖሩት። ሻጩንም በቀጥታ ጠይቁት፤ ወረቀቱ ራሱ በእጅ ታትሟል ወይስ የማኅተም ጨርቅ ፎቶ ተነስቶ በማሽን የወጣ ነው? ሁለተኛውም ነውር የለበትም፣ የአንደኛውን ዋጋ ካልጠየቃችሁ።

ካላምካሪ ሌላ ዓለም ነው። "ካላም" ብዕር ነው፤ የኛው "ቀለም" ዘመዱ ነው። በአንድራ ፕራዴሽ ሽሪካላሃስቲ በቀርከሃ ብዕር በእጅ ይሣላል፣ በማቺሊፓትናም ደግሞ በማኅተም ይታተማል። ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ትልቅ ዛፍ፣ ወፍ፣ ጠመዝማዛ ሐረግ ያለበትን ነው። እንዲህ ያለው የህንድ ጨርቅ አውሮፓን ያሳበደ ጊዜ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1686 እስከ 1759 ድረስ እስከማገድ ደርሳ ነበር፤ የወረቀት ሠሪዎቹም ቀዱት። እኛም ብንሆን ለነገሩ አዲስ አይደለንም፣ ከጥንት የብራና መጻሕፍቶቻችን ውስጥ የእንጨት ገበታቸው በውስጥ በኩል የህንድ ጨርቅ የተለጠፈባቸው አሉ።

ካላምካሪ አንድ ግድግዳ ብቻ ይበቃዋል፤ ፎቶ አትስቀሉበት፣ ረጅም ቁም ሳጥንም አታስደግፉበት። ደግሞ ኪስ ይጎዳል፣ ምክንያቱም ጥለቱ ትልቅ ነው። የአውሮፓ መደበኛ ጥቅል 53 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 10.05 ሜትር ርዝመት አለው። የቤታችሁ ከፍታ 2.40 ከሆነ ለመከርከሚያ ጨምራችሁ 2.50 ትቆርጣላችሁ፤ ጥለት ማገጣጠም የማይፈልግ ወረቀት ከአንድ ጥቅል አራት ቁራጭ ይሰጣችኋል። ጥለቱ በየ64 ሳንቲ ሜትሩ የሚደገም ከሆነ ግን ለማገጣጠም እየጣላችሁ ሦስት ብቻ ይወጣል። 4.24 ሜትር ለሆነ ግድግዳ ስምንት ቁራጭ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ሁለት ጥቅል፣ በሁለተኛው ሦስት። ድረ ገጹ ላይ የጥቅሉን ዋጋ ብቻ እያያችሁ እንዳትሸወዱ።

ባንድሃኒ፣ ያ በጥቃቅን ቋጠሮ የሚነከረው ነጠብጣብ፣ ለሻርፕ ነፍስ ነው። ሰፊ ግድግዳ ላይ ግን ነጥቦቹ ዓይን ላይ ይጨፍራሉ። እኔ አልገዛውም።

አጅራክን የተጣላሁት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2001 የጉጃራት የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የዳማድካ መንደር ውሃ ለቀለም አልስማማ ሲል አታሚዎቹ ተነስተው አጅራክፑር የሚባል አዲስ መንደር የቆረቆሩለት ሥራ ነው። ብርሃን ብቻ ስጡት። ትልቅ መስኮት ያለው ሳሎን ወይም የመመገቢያ ክፍል ውስጥ የሚደርስበት የለም።

ጥለቱን ከመረጣችሁ በኋላ የወረቀቱን ዓይነት እዩ። ኮላው ግድግዳው ላይ የሚቀባው ያልተሸመነ (non-woven) ዓይነት ለተከራይ ይሻላል፤ ስትለቁ ደረቁን ተልጦ ይወጣል። ተራው ወረቀት ኮላ ሲጠጣ ስለሚለጠጥ ማገጣጠሙ ፈተና ነው። ቪኒል፣ ማለትም ፕላስቲክ የለበሰው ወረቀት፣ ይታጠባል፣ የሚያብለጨልጨው ግን የኢካትንም የማኅተምንም ለዛ ይገድላል። ቢሆንም ረከቦቱ የሚቀመጥበት ጥግ፣ ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት፣ የማያብለጨልጭ (ማት) ቪኒል ፈልጉለት። ጥቅሉ ላይ የማዕበል ምልክቱ በበዛ ቁጥር መታጠብ ይችላል።

በስማቸው የሚሸጡም አሉ። የኮልካታው ፋሽን ዲዛይነር ሳብያሳቺ ሙከርጂ የህንዱ ቀለም አምራች ኤዥያን ፔይንትስ ለሚሸጠው ኒላያ ለተባለ ምርት የግድግዳ ወረቀት ሠርቷል፤ ስም ያለበት ሲሆን ናሙና ሳያዩ መግዛት ይበልጥ ያጓጓል፣ ግን ናሙና እዘዙ። ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ ሦስት ቀን ተዉት፣ ማታ በአምፖል እዩት። ሁሉንም ጥቅል በአንዴ፣ በአንድ የምርት ቁጥር ግዙ። እኔ አንድ ጥቅል ጎደለኝና ከሌላ ምርት ጨመርኩ፤ ሰማያዊው ትንሽ ወደ ግራጫ አደላ። ሱቁም ጥቅሉ ተከፍቷልና አልቀበልም አለ።

ኮሪደሩ አሁን ሳንጋኔር ነው። የተረፈኝን አጅራክ ሳሎን መስኮቱ አጠገብ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ ላይ ለጠፍኩት፤ በመጽሐፎቹ መሃል ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው የሚታየው። እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነው።