ድሬዳዋ ላይ የኪስ ዳዊት ለምትገዙ፦ መጀመሪያ መዝሙር 22ን ግለጡ

በድሬዳዋ አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ ባሉት የንዋየ ቅድሳት ሱቆች ዳዊት ከጧፍ፣ ከዕጣንና ከመቁጠሪያ ጎን ተደርድሮ ይሸጣል። ግዕዝ ብቻ የሆነ ትንሽ የኪስ አለ፤ ግዕዝና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመ ተለቅ ያለ አለ፤ አማርኛ ብቻም አለ። እዚህ የምናየው ትንሹን ነው። ባጃጅ ነጂው መስታወቱ ሥር የሚያስቀምጠው፣ ቁልቢ ተጓዡም የደንገጎን ዳገት ሲወጣ በእጁ የሚይዘው እሱን ነውና።

ሻጭ የሚያሳየው ሽፋኑን ነው፤ የወርቅ ቀለም መስቀሉን፣ ዚፑን። እናንተ መዝሙር 22ን ግለጡ። መጀመሪያው «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ» ይላል። መሀሉ ላይ ያለችው ፊደል የዐይኑ «ዕ» መሆን አለባት። ያኔ ትርጉሙ «ይጠብቀኛል፣ እረኛዬ ነው» ይሆናል። በአልፋው «ይሬእየኒ» ተብሎ ከተለቀመ ግን «ያየኛል» ብቻ ሆኖ ይቀራል። በአማርኛ ሁለቱን ፊደል አንድ አድርገን ስለምናነባቸው ስሕተቱ ለጆሮ አይሰማም፤ ዓይን ነው የሚይዘው። ከብቱን ከማዶ ቆሞ የሚያይ ሰውና ውሃው ድረስ ነድቶ የሚያደርስ እረኛ አንድ አይደሉም፤ የመዝሙሩ መታመን ደግሞ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው። እዚህች ፊደል ላይ የሳተ እትም ሌላውም ቦታ መሳቱ ስለማይቀር መልሱት።

ፊደሉ ትክክል ሆኖ ቀለሙ የፈሰሰበትም ያጋጥማል። የ«ዕ» ክብ ከተደፈነ፣ «ጸ»ና «ፀ» ካልተለዩ፣ በጧፍ ብርሃን አይነበብም። ዕድሜያቸው ለገፋ እናቶች ስጦታ የምትገዙ ከሆነ የኪሱን ተዉት፤ ትልቁን ውሰዱ።

ይዘቱን ስታዩ ከ150ው መዝሙር በኋላ 151ኛው፣ 15ቱ ጸሎተ ነቢያት፣ የሰሎሞን መኃልየ መኃልይ፣ የእመቤታችን ምስጋናዎች ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን መኖራቸውን አረጋግጡ። ከኋላ ያለውን ቆርጠው የሚያሳጥሩ እትሞች የእሑዱን ድርሻ ያጎድላሉ። አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ ጠቅላላው 15 ንጉሥ ነው። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ይደገማል፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልይ። ዓርብ 20 መዝሙር ብቻ ስለሆነ ቀለል ያለ ይመስላል፤ ግን 176 ቁጥር ያለው 118ኛው እዚያ ተቀምጧል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚያቋርጠው እሱ ላይ ነው። በቀን አንድ ንጉሥ ይዞ በ15 ቀን መጨረስም ይቻላል።

ይህን ተራ የጠበቀ ሰው በእግዚአብሔር መታመንን የሚናገሩትን መዝሙሮች ፈልጎ ማሳደድ አያስፈልገውም። 22 እና 26 ሰኞ ይመጣሉ፤ «መንገድህን ለእግዚአብሔር አደራ ስጥ» የሚለው 36 ማክሰኞ፤ «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል» (በልዑል ረድኤት የሚኖር) የሚለው 90 ሐሙስ፤ 120 ዓርብ። የሚሄድበትን መንገድ እንዲያስታውቀው የሚለምነው 142 ቅዳሜ ነው። ከነዚህ ይልቅ ዓይንን ጨፍኖ ገልጦ ጣት ያረፈበትን ቃል እንደ ምልክት መውሰድ የተለመደ ሆኗል። ዳዊት ዕጣ አይደለም። ለመንገድ ብሎ የገለጠ ሰው 108 ላይ፣ እርግማኑ ላይ፣ ቢያርፍ ምን ሊል ነው?

ቁጥሩም ያምታታል። በዳዊቱ 22 የሆነው በአንዳንድ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እትም 23 ነው፤ 90ው 91። ዳዊቱ 9ኛውንና 10ኛውን አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው ከዚያ ወዲያ ባብዛኛው በአንድ የሚያንሰው። መጨረሻው ላይ የመጽሐፍ ቅዱሱ 147 በዳዊቱ ለሁለት ስለሚከፈል ከ148 ጀምሮ እንደገና ይገጥማሉ። ሰው «90ን ድገም» ሲላችሁ ከየትኛው እንደሚቆጥር ጠይቁ።

የድሬ ሙቀት ደግሞ ጥራዝ አይምርም። ገዢ ከመክፈሉ በፊት መጽሐፉን መሀል ለመሀል ይክፈተው፤ በቅጠሎቹ እጥፋት ውስጥ ክር ከታየ የተሰፋ ነው። በኮላ ብቻ የተያዘው ሲከፈት ጧ ይላል። ባጃጅ መስታወት ሥር ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ኮላው ይላላል፤ ቅጠሉም ከመጀመሪያው ጥራዝ፣ ማለትም ከሰኞው ድርሻ፣ መርገፍ ይጀምራል። የፕላስቲክ ሽፋን በሙቀት ይጠቀለላል፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው የቆዳ ማኅደር (የመጽሐፍ መያዣ) ይሻላል፤ ማሰሪያው ግን ሰፊ ይሁን፤ ቀጭኑ አንገት ያሳክካል። የገጽ ምልክት ክሩ አንድ ብቻ ከሆነ ሌላ ጨምሩበት፤ አንዱ ለዕለቱ መዝሙር፣ አንዱ ለውዳሴ ማርያም። የጧፍ ሰም ከነካው ሳይደርቅ አትጥረጉት፤ ይዘረጋል። ሲደርቅ በጥፍር ፈንቅሉት።