ምድር ቤት ጥግ ላይ ተንበርክከው ላሳዩኝ ጋሼ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ከሁለት ሳምንት በፊት ልጽፈው ነበር፤ ዕቃ ማመላለሱ ፋታ ነሳኝ። ቤት ስንገዛ የመረመሩልንን ባለሙያ ሳላመሰግን ግን ሌላ ቀን ማሳለፍ አልፈለግኩም። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ "ጋሼ" እያልኩ ልቀጥል፤ እኛ ቤትም የሚጠሩት እንደዚያ ነው።

ታላቅ እህቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤት ስትገዛ፣ ደላላው ያመጣላት መርማሪ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ዞር ዞር ብሎ "ቤቱ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው" የሚል ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጥቷት ሄደ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል የመኝታ ቤቷ ኮርኒስ ረጠበ። ወረቀቱን ደግመን ብናነበው ስለ ጣሪያው አንድም ቃል አልነበረበትም። የእኔ ተራ ሲደርስ ደላላችን የሰጠንን ስም አመስግኜ ተቀበልኩና ራሴ ፍለጋ ወጣሁ። ደላላው ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሽያጩ ሲፈጸም ብቻ የሚከፈለው ሰው የመረጠልኝን መርማሪ ማመን ስለከበደኝ ነው።

ሦስት ሰዎች ጋ ደወልኩ። አንዱ የሚያገኘውን ብልሽት ራሱ በቅናሽ እንደሚጠግንልኝ ነገረኝ። መጀመሪያ ዕድል መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ኋላ ሳስበው ግን ብልሽት ባገኘ ቁጥር ሥራ የሚያገኝ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የአሜሪካ የቤት መርማሪዎች ማህበር እንኳ በሥነ ምግባር ደንቡ አባላቱ የመረመሩትን ቤት ለአንድ ዓመት በክፍያ እንዳይጠግኑ ይከለክላል። ሁለተኛው የናሙና ሪፖርት ስጠይቀው ተቆጣኝ። ጋሼ ግን የደንበኛው ስምና አድራሻ የተሰረዘበት የቀድሞ ሪፖርት በዚያው ቀን ላኩልኝ፤ ችግሩ በፎቶ፣ የት እንዳለ፣ ለምን እንደሚያሰጋ፣ ማን ሊያየው እንደሚገባ ሁሉ ተጽፎበታል። ፈቃዳቸውንና የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንሳቸውን ሳልጠይቃቸው አያይዘውታል። "ሲመረምሩ አብሬ ብሆን ይከብድዎታል?" ስላቸው "አንቺ ካልመጣሽ እኔም አልመጣም" አሉኝ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ጣሪያው ላይ በመሰላል ወጡ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ገቡ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ከፍተው ከስር በባትሪ አዩ። እኔ የማልረሳው ግን የምድር ቤቱን ጥግ ነው። አንዱ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። እኔ "እንዴት ጽዱ ነው" ብዬ ነበር። እሳቸው ተንበረከኩና ባትሪውን ከግድግዳው ጋር አስጠግተው ወደ ጎን አበሩት። ከፊት ለፊት ለጥ ያለ የሚመስለው ቀለም፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመታው እንደ እንጀራ ዓይን ነጠብጣብ አበጠ። ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ደግሞ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለ። "ይህ ጨው ነው የኔ ልጅ፤ ውሃ በግድግዳው ውስጥ ሲያልፍ ይዞት ይወጣና ውሃው ሲተን እዚህ ይቀራል" አሉኝ። የሙቀት ካሜራቸው ያንን ቦታ ቀዝቀዝ ያለ አድርጎ አሳየን። ካሜራው ውሃን እንደማያይ፣ የሙቀት ልዩነትን ብቻ እንደሚያሳይ ነግረውኝ፣ በእርጥበት መለኪያው ሁለት መርፌ ነክተው አረጋገጡ።

ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ውጭ፣ ልክ ከዚያ ጥግ በላይ ወሰዱኝ። የአሸንዳው ውሃ መውረጃ ግድግዳው ስር አልቋል፤ መሬቱም ወደ ቤቱ ያዘነብላል። መሬቱ ከመሠረቱ በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ዝቅ እያለ መሄድ እንዳለበት አስረዱኝ። አላስፈራሩኝም፤ መድኃኒቱ መጀመሪያ ውጭ እንጂ ውስጥ እንዳልሆነ ነው የነገሩኝ። በኤሌክትሪክ ሳጥኑ ውስጥም ለአንድ ሽቦ በተሠራ ብሎን ስር ሁለት ሽቦ ታስሮ አግኝተዋል።

ሙሉ በሙሉ ያመንኳቸው ግን "አላውቅም" ያሉ ጊዜ ነው። የምድር ቤቱን ቀጭን ስንጥቆች ኮንክሪት ሲደርቅ የሚመጡ ናቸው ብለው አለፏቸው። ከመስኮቱ በላይ ግን የጡቡን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚወጣ ስንጥቅ ነበር። በሜትር ለኩት፣ ፎቶ አነሱት፣ ከዚያ "እዚህ ላይ የኔ ሥራ ያበቃል፤ የስትራክቸር መሐንዲስ ይየው" አሉ። የሚያውቁትን መሐንዲስ እንዲጠቁሙኝ ብለምናቸውም ራሴ እንድመርጥ ነገሩኝ። መሐንዲሱ የድሮ መስመጥ መሆኑንና አሁን መቆሙን አረጋገጠልን። ሪፖርቱን ይዘን ሻጮቹን አነጋገርን፤ አሸንዳውንና የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ከርክክቡ በፊት አስተካከሉ።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት፦ ከገባን ወዲህ ሁለት ጊዜ ዘንቧል። ሁለቱንም ጊዜ ባትሪ ይዤ ወርጄ እንዳሳዩኝ ከጎን አበራሁ፤ ጥጉ ደረቅ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ።

ቤት ልትገዙ የምታስቡ ስልካቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውኛል። ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ግን ቤቱ ውስጥ ውሃና መብራት መኖሩን ከሻጩ አረጋግጡ። በተቋረጠበት ቤት ግማሹን ነገር መፈተሽ ስለማይቻል ሁለተኛ ቀን ትከፍላላችሁ።