«አራቱንም ካንዴላ ነቅለን አዲስ እንገጥማለን» ሲሏችሁ አትቸኩሉ

አሮጌ ቮልስ ወይም ላዳ የምትነዱ የባሕር ዳር ሰዎች፣ መኪናችሁን ለካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ቅየራ ከመስጠታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። ውሉ የሚቀርበው እንዲህ ነው፦ «ዕቃውም የእጅ ዋጋውም በአንድ ላይ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።» ዋጋው ርካሽ ነው፤ ርካሽ የሆነውም አልላቀቅ ያለ ካንዴላ የሚወስደውን ሰዓት ስለማያስብ ነው። ካንዴላው የሚጠመዘዝበት የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጥርስ ከተበላ በኋላ «ድሮም ያረጀ ነበር» ይባልና የቴስታታ ማስወረጃው፣ የቶርኖውና የጓርኒሲዮኑ (በቴስታታው ሥር የሚገባው ማሸጊያ) ሂሳብ ወደ እናንተ ይዞራል።

ብዙውን ጊዜ ጣጣው የሚጀምረው ካለፈው ገጠማ ነው። የሁለቱም መኪኖች ቴስታታ አልሙኒየም ነው፣ ካንዴላው ብረት። የሁለቱም ጥርስ ውፍረት 14 ሚሊ ስለሆነ ያንዱ ካንዴላ ለሌላው ይገባል። ርዝመቱ ግን ይለያያል፤ የቮልስ 12.7 ሚሊ፣ የላዳ 19 ሚሊ ነው። ሱቅ ውስጥ ረጅሙ ብቻ ሲገኝ ቮልሱ ላይ ይገጠምና ከ6 ሚሊ በላይ ጥርስ ማቃጠያው ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ፒስተን ወይም ቫልቭ የመንካቱ አደጋ አለ፤ ባይነካም እዚያ ያለው ጥርስ ጥላሸት ይለብስና ይደርቃል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ለዚህ ካልተስተካከለ ቤንዚን ያበዛል፣ ጥላሸቱም ይብሳል። ያ ካንዴላ በጉልበት ሲነቀል የደረቀውን ጥላሸት እንደ ሞረድ እየጎተተ በአልሙኒየሙ ጥርስ ውስጥ ያልፋል። አጭሩን ላዳ ላይ መግጠምም አያዋጣም፤ ከታች ባዶ የቀረው ጥርስ በጥላሸት ይሞላና በኋላ የሚመጣውን ትክክለኛ ካንዴላ መሐል ላይ ይይዘዋል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አዲሱን ካንዴላ እጃችሁ ላይ ያዙት። ማርካው ኤን ጂ ኬ ከሆነ ኮዱ ውስጥ «ኤች» ያለው 12.7 ሚሊ፣ «ኢ» ያለው 19 ሚሊ ነው። ለቮልስ «ቢ 6 ኤች ኤስ»፣ ለላዳ «ቢ ፒ 6 ኢ ኤስ» ይሆናል። አስመስለው የሚሠሩት ብዙ ነው፤ ጽሑፉ ከደበዘዘ፣ ሮንዴላው (ከጥርሱ በላይ ያለው ቀለበት) በጣት ሲነካ ከወለቀ፣ ወይም መሐሉ ያለው ዘንግ ወደ ጎን ካጋደለ መልሱት።

ነቀላው ላይ ቆማችሁ እዩ። ሞተሩ ገና እንደጠፋ፣ እጅ በሚያቃጥልበት ሰዓት ቁልፍ የሚያነሳ ሰው ካያችሁ አስቁሙት፤ ትኩስ አልሙኒየም ለስላሳ ስለሆነ ጥርሱ ቶሎ ይበላል። እጅ የሚያስቀምጥ ለብታ ይበቃል። መጀመሪያ በካንዴላው ዙሪያ ያለው አሸዋ በኮምፕረሰር ይነፋ፤ ካልተነፋ ካንዴላው ሲወጣ አሸዋው ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ከዚያ የ21 ሚሊ ቡሶላ (የካንዴላ መፍቻ)፣ ውስጡ ጎማ ያለው፣ ቀጥ ብሎ ይግባ። ቮልስ ላይ የሚያስቸግረው በግራ በኩል ወደ መኪናው ፊት ያለው የ3ኛው ሲሊንደር ካንዴላ ነው፤ ቦታው ጠባብ በመሆኑ ቡሶላው ያጋድላል፣ ያጋደለ ቡሶላ ደግሞ የካንዴላውን ነጭ ሸክላ ይሰብራል። መያዣው ላይ ቧንቧ ሰክቶ ማስረዘም ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ የካንዴላው ራስ ይቆረጥና ጥርስ ያለው ክፍሉ ቴስታታው ውስጥ ይቀራል።

ሩብ ዙር ዞሮ ከቆመ ወይም «ሲጥጥ» ካለ ደርቋል ማለት ነው። እዚያው ይቁምና ግማሽ አሴቶን፣ ግማሽ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የተቀላቀለበት ጥቂት ጠብታ ይፍሰስበት (አሴቶን ቀለም ይበላል፣ እሳትም ይወዳል፤ ሲጋራ አርቁ)። ማታ ተደርጎ ጠዋት ይሞከር። ሩብ ዙር ፈትቶ፣ ትንሽ አጥብቆ፣ እንደገና ጠብታ፣ እንደገና ሩብ ዙር። አንድ ካንዴላ እንዲህ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ «ግማሽ ሰዓት ለአራቱ» የማይሆነው ለዚህ ነው። ቁልፉ ላይ ያለው እጅ እንደ ሊጥ የሚሳብ ነገር ከተሰማው ጥርሱ እየወጣ ነው።

ጥርሱ ከተበላ በኋላ የሚቀርብላችሁ ሁለተኛ ርካሽ ውል አለ፦ ቴፍሎን መጠቅለል ወይም በማጣበቂያ መያዝ። የሲሊንደሩ ግፊት አንድ ቀን ካንዴላውን ይተፋዋል፣ ቀዳዳውም የባሰ ይሰፋል። ደህናው ጥገና ሄሊኮይል (በተበላው ጥርስ ፋንታ የሚገባ ጥምዝ ሽቦ) ወይም ሙሉ የብረት ቡሽ (ውስጡ ጥርስ ያለው ቱቦ) ነው፤ ይመረጣል ቴስታታው ወርዶ ቢሠራ። ሳይወርድ ካሠራችሁት አዲስ ጥርስ የሚቀርጸው መሣሪያ፣ የጥርስ ማውጫው፣ ቦይ ላይ ግራሶ ተቀብቶ ብናኙን ይያዝ፣ ትንሽ ትንሽ እየተዞረ በየመሐሉ ወጥቶ ይጠረግ።

ሲገጠም የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ዙሮች በእጅ ወይም ጫፉ ላይ በተሰካ ቁራጭ የጎማ ቱቦ ይሁኑ፤ ጠማማ ከገባ ቱቦው ራሱ ይንሸራተታል። በጣት ካለቀ በኋላ አዲስ ሮንዴላ ያለው ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይበቃዋል፤ ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ) ካለ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር።

«ጥርስ ቢበላ የማን ነው?» የሚለውን ሥራው ሳይጀመር በወረቀት አስጽፉ። አሮጌዎቹን አራቱንም በሲሊንደራቸው ቅደም ተከተል ደርድረው ያስረክቧችሁ። በአንዱ ጥርስ መሐል እንደ ፀጉር የተጠቀለለ ነጭ ሽቦ ካያችሁ የቴስታታችሁ ጥርስ ነውና ቀሪውን ሂሳብ አትክፈሉ።