ያፎ ወይስ አኮ፦ ከኪሱ ለሚከፍል እንግዳ

ዘመድ ከአዲስ አበባ ወይም ከአሜሪካ በመጣ ቁጥር፣ ኢየሩሳሌምን ከተሳለመ በኋላ የሚያመጣው ጥያቄ ያው ነው፦ «አንድ ቀን ትርፍ አለኝ፤ ባሕሩ ላይ ያለች የጥንት ከተማ ልይ። ያፎ ልሂድ ወይስ አኮ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት ጽፎ መላክ ይቀላል። ያፎ (የመጽሐፍ ቅዱሷ ኢዮጴ) ቴል አቪቭ ጥግ ናት፣ አኮ ደግሞ ሰሜን ናት። የምኖረው መሐላቸው ነታንያ ነው፤ ባቡሩ ወደ ደቡብም ወደ ሰሜንም ይወስደኛልና የሰፈር ወገንተኝነት የለብኝም። መልሴ ግን አኮ ነው፤ ምክንያቴም በአብዛኛው የገንዘብ ነው።

ያፎ ለመግባት ማንም ምንም አይጠይቃችሁም። የሰዓቱ ማማ መንገድ ዳር ቆሟል፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በነፃ ነው፣ ኮረብታው ላይ ያለው መናፈሻም እንደዚሁ። ከዚያ ሆኖ የቴል አቪቭን ዳርቻ ማየት እውነትም ያምራል። ቀላል ባቡሩ በ2023 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በእ.ኤ.አ. ነው) ሥራ ከጀመረ ወዲህ መድረሱም ቀሏል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በነፃ ገባሁ ብሎ ኪሱን ይረሳዋል፤ ከዚያ ቡናው፣ አይስክሬሙ፣ ለልጆቹ የተገዛው አምባርና ወደቡ ላይ የተበላው ዓሣ ተደምሮ ማታ ያስደነግጠዋል። በመኪና የመጣ ደግሞ ማቆሚያ አለበት። ሰማያዊና ነጭ የተቀባው የመንገድ ጠርዝ ለቴል አቪቭ-ያፎ ነዋሪ ነፃ ነው፤ እኛ ከሌላ ከተማ የመጣነው እንከፍላለን። ለነዋሪ ብቻ የተከለለ ቦታ ላይ ካቆማችሁማ ቅጣቱ የምሳውን ሒሳብ ያስረሳችኋል።

የዓሣውን ነገር ልጨርሰው። ሜኑው ላይ የምታዩት ዋጋ የ100 ግራም ሊሆን ይችላል፤ ዓሣው ሲመዘን ስድስትና ሰባት እጥፍ ይሆናል። ጠረጴዛውን የሚሞሉት ትንንሽ የሰላጣ ሳህኖችም ከዓሣው ጋር የሚታሰቡበት ቤት አለ፣ በሰው ለብቻ የሚታሰቡበትም አለ። ሳህኖቹ ከመቀመጣቸው በፊት ጠይቁ። አኮም ውስጥ ቢሆን ይሄን መጠየቅ አይቀርም።

ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያው፣ ወደ ሹክ ሃፒሽፔሺም፣ ልምጣ። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ መጥቶ እዚያ አንድ የመዳብ ቡና ማፍያ ዓይቶ ወደደ። ሻጩ «የደማስቆ ሥራ ነው፣ መቶ ዓመት አልፎታል» ብሎ ከ250 ሸቀል ጀመረ፤ ሲከራከሩ ቆይተው በ120 ተስማሙ። ልጁ ግማሽ በግማሽ አስቀነስኩ ብሎ ደስታውን አልቻለውም። ቤት ገብቶ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን ማግኔት ቢያስጠጋበት ጥብቅ አለ። መዳብ ማግኔት አይዝም፤ ዕቃው ብረት ሆኖ ላዩን መዳብ የተቀባ ነበር። ቡና ሲፈላበት ደግሞ የውስጡ ነጭ ቅብ በሦስተኛው ቀን መላጥ ጀመረ። ሰፈራችን ዕቃ የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ፤ ገልብጠው አዩት፣ ታችኛውን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉና «ልጄ፣ ይሄን ውስጡን መልሼ ቆርቆሮ ልቀባልህ ብል ከገዛህበት በላይ ላስከፍልህ ነው፤ አበባ ትከልበት» አሉት። አሁን ባልኮኒያችን ላይ ጤና አዳም በቅሎበታል።

ስለዚህ እዚያ ገበያ የምትገቡ ከሆነ ትንሽ ማግኔት በኪሳችሁ ያዙ። በእጅ የተሳለ ነው የሚባለውን የሸክላ ሳህን ስትገዙ ሦስቱን አንሱና አበባዎቹን አስተያዩ፤ የሁሉም ቅጠል እዚያው ቦታ ላይ እዚያው አጠማዘዝ ከተጠማዘዘ የታተመ ነው፣ ዋጋውም የታተመ ዕቃ ዋጋ መሆን አለበት። «የሮማውያን ሳንቲም» የሚላችሁን ደግሞ ፈገግ ብላችሁ እለፉት። እውነተኛ ከሆነ የሚሸጠው የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው ነጋዴ ነው፣ ከአገር ለማውጣትም የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሐሰተኛ ከሆነ ምኑን ገዛችሁት?

አኮም ጻድቅ አይደለችም። ያው ከቻይና የመጣው ግመልና ማግኔት እዚያም ተሰቅሏል። ልዩነቱ የአኮ አሮጌ ከተማ ውስጥ ዛሬም በብዛት አረብ ቤተሰቦች ይኖሩበታል፤ ገበያው ዓሣ የሚሸጠው ለምሳ ለምትሠራ እናት ነው፣ ቅመሙም ለጎረቤት ነው። ዋጋው ነዋሪው ሊከፍለው በሚችለው ልክ ይሆናል፤ ያንን ዋጋ እንግዳውም ይካፈለዋል። ያፎን ካያችሁ አሮጌው ክፍል በ1936 በእንግሊዞች በከፊል ፈርሷል፣ በ1948ቱ ጦርነት አብዛኛው ነዋሪ ወጥቷል፣ ከ1960ዎቹ ወዲህ ደግሞ ታድሶ የሠዓሊዎችና የጋለሪ ሰፈር ሆኗል። ድንጋዩ የጥንት ነው፣ ጽዱም ነው፤ የተሰቀለ ልብስ ግን አታዩበትም። ለሙሽራ ፎቶ ከሆነ ያፎን የሚያክል የለም፤ ቅዳሜ ማታና እሁድ የኛ ልጆች ሰርግ ፎቶ ግማሹ እዚያ ደረጃ ላይ የተነሳ ነው።

በአኮ ክፍያው በር ላይ ነው፤ ይሄ ብዙ ሰው ያስኮርፋል። የተጣመረ ትኬት ይሸጣሉ፦ የሆስፒታለር ባላባቶች አዳራሽ፣ የቴምፕላሮች ዋሻና ሌሎችም አንድ ላይ (ሁለቱም የመስቀል ጦረኞች ማኅበር ነበሩ)። የቱርክ መታጠቢያ ቤቱ ሲጨመር ዋጋው ከፍ ይላል፤ እኔ ብሆን ያለ እሱ እገዛለሁ። ለቀሪው ግን የከፈላችሁት አይቆጫችሁም። መስቀላውያን (የመስቀል ጦረኞቹ) አኮን እስከ 1291 ዋና ከተማቸው አድርገው ይዘዋት ነበር፤ አዳራሾቹ የዚያ ዘመን ናቸው። ከዘመናት በኋላ ኦቶማኖች አፈር ሞልተው በላያቸው ላይ ምሽግ ሠሩ፤ አፈሩ ስለሸፈናቸውም እስከ ዛሬ ቆዩ። ቁፋሮው አፈሩን ሲያወጣ ጣሪያው ሙሉ፣ ምሰሶው ሙሉ ሆኖ ተገኘ። ዋሻው ደግሞ በ1994 የተገኘው አንድ የሰፈሩ ነዋሪ የፍሳሽ ቱቦ ተደፈነብን ብሎ ሲያመለክት ነው። 150 ሜትር ያህል ወደ ወደቡ ይሄዳል፤ ጎንበስ የሚያስብል ቦታ ስላለው ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶች አልመክርም። እነሱን የቀረው ከተማ ይበቃቸዋል፤ መሬቱ ሜዳ ነው፣ እንደ ያፎ ደረጃ በደረጃ አይደለም።

ከትኬቱ ውጭ ያለው ደግሞ ርካሽ ወይም ነፃ ነው። የአል-ጀዛር መስጊድ (1781) ግቢው ለጥቂት ሸቀል ያስገባል። የባሕር ቅጥሩ ላይ መሄድ ነፃ ነው፤ በጋ ላይ የሰፈሩ ልጆች ከዚያ ላይ ተንደርድረው ባሕሩ ውስጥ ሲዘሉ ታያላችሁ፣ ልጆቻችሁን እጃቸውን ያዙ። ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ባህጂ የሚገኘው የባሃኢ ሃይማኖት ተከታዮች መናፈሻም በነፃ ነው። በአዲሱ ከተማ «ኦር ቶራ» የሚባል የቱኒዚያ አይሁድ ምኩራብ አለ፤ ከወለል እስከ ጣሪያ በትንንሽ ጠጠር ሥዕል የተሸፈነ፤ ሽማግሎቻችን ሲያዩት ዝም ብለው ነው የሚቆሙት።

ናፖሊዮን በ1799 ያፎን በጥቂት ቀናት ያዛት፤ አኮን ግን ሁለት ወር ያህል ከብቦ ሳይዛት ተመለሰ። አስጎብኚዎች ይሄን ሳይናገሩ አይለቋችሁም፤ አሁን ስለሰማችሁት ለዚያ ብቻ ብላችሁ አስጎብኚ አትክፈሉ።

ያፎ በእውነት የምትበልጥበት አንድ ነገር መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ዮናስ ወደ ተርሴስ ሊሸሽ መርከብ የተሳፈረው ከዚያ ነው፤ ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ የሊባኖስ ዝግባ በባሕር የገባው በዚያ ነው፤ ጴጥሮስ ጣቢታን ያስነሳው፣ በስምዖን ቤት ጣሪያ ላይ ራእይ ያየውም እዚያው። ለመሳለም ብቻ ለመጣ ሰው ይሄ ሚዛን ይደፋል፤ ያን ሰው ያፎ ሂድ እለዋለሁ። የስምዖን ቤት ነው የሚባለው ግን የግለሰብ ቤት ስለሆነ በሩን አይታችሁ ትመለሳላችሁ። አኮ ያላት ጳውሎስ ከጢሮስ ሲመጣ አንድ ቀን ማደሩ ነው፣ ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21።

የአኮ ሑሙስ ግን ለብቻው መንገዱን ያወጣል። ጠዋት ድረሱ፤ ጥሩዎቹ ቤቶች እኩለ ቀን አካባቢ ድስቱ አልቆባቸው ይዘጋሉ። ሞቅ ያለው ሑሙስ በሳህን ተዘርግቶ፣ መሐሉ ላይ ሙሉ ሽምብራ፣ ዘይት፣ ከጎን የተከፈለ ጥሬ ሽንኩርት ይመጣል፤ የሽንኩርቷን ቅጠል ነቅላችሁ እንደ ማንኪያ ትዝቁበታላችሁ። ከ30 እስከ 40 ሸቀል እየከፈልን ዳቦው እየተደገመ ጠግበን ወጥተናል። ሽምብራና ሰሊጥ ስለሆነ በዐቢይ ጾም ለመጣ ተሳላሚም ችግር የለውም፤ እንቁላል እንዳይጨምሩበት ብቻ ቀድማችሁ ንገሩ። ካሽሩት (የአይሁድን የምግብ ሕግ) ለሚጠብቅ ቤተሰብ ግን አሮጌው ከተማ ውስጥ የምስክር ወረቀት ያለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ ምግብ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም በዚህ ነጥብ ያፎ ትሻላለች።

አካሄዱን በአጭሩ፦ ወደ ሰሜን ስትሄዱ በባቡሩ ግራ በኩል ተቀመጡ፣ ባሕሩ በዚያ ነው። ከአኮ ጣቢያ አሮጌው ከተማ ድረስ የግማሽ ሰዓት ያህል እግር ነው፤ ታክሲ ከያዛችሁ «ቆጣሪውን አብራው» በሉ። ከተማዋ ከሊባኖስ ድንበር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ ሁኔታው ባልረጋበት ሰሞን የደኅንነት መመሪያውን ሳታዩ አትነሱ፤ ያኔ ያፎ ሂዱ፣ ምንም ክርክር የለኝም። ቅዳሜ መኪና ላለው አኮ ክፍት ናት፣ የያፎ አሮጌ ዕቃ ገበያ ግን ዝግ ነው። ዓርብ በባቡር ከሄዳችሁ የመጨረሻውን የመመለሻ ባቡር ሰዓት ጠዋት ጣቢያው ላይ ሳላችሁ እዩ፤ ከሰዓት በኋላ ለሰንበት ይቆማል፣ ካመለጣችሁም ከአኮ ነታንያ የሚጠይቃችሁ ታክሲ በሑሙስ ያተረፋችሁትን ሁሉ ይወስደዋል።