ማቪክ 3 በኮሎራዶ ብርድ፦ ስለ አወራረዷ ብቻ

የማቪክ 3 ድሮንን የካሜራ ጥራት ብዙ ሰው ጽፎበታል፤ እኔ የምጽፈው ስለ ማረፍ ነው። ዴንቨር አጠገብ ባለችው በኦሮራ ከተማና አካባቢዋ የበረዶ ውርጅብኝ የደበደባቸውን ጣሪያዎች ፎቶ አነሳለሁ። ሥራው ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ በዛፍና በአጥር መሃል ማውረድ ስለሚጠይቅ ድሮኗ የምትፈተነው እዚያ ነው። ዲጄአይ የተባለው ኩባንያ የሠራትን ማቪክ 3 ይዤ በጋውንም ስኖውንም (ነጩን የክረምት በረዶ) አሳልፌያለሁ።

ሆዷ ላይ ወደ ታች የሚያዩ ካሜራዎች አሏት። ስትነሳ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ከወጣች የመነሻውን መሬት መልክ ትይዛለች። ስትመለስ ጂፒኤስ እስከ ሰፈሩ ያደርሳታል፤ የመጨረሻዎቹን ሜትሮች የምትወርደው ግን ያንን መልክ እያመሳከረች ነው። ስለዚህ ገና ከመሬት ሳትርቅ ወደ ጎን አትንዷት። ይህን ከጠበቃችሁ ብርቱካናማው ማረፊያ ምንጣፍ ላይ ታርፋለች፤ ብትስትም በስንዝር ነው።

በጣም የወደድኩላት ማመንታቷን ነው። አንድ ደንበኛ ጓሮ ስትወርድ ጉልበት የሚያህል ከፍታ ላይ ቆማ ቀረች። ሣሩ በንፋሷ ተኝቷል፤ ከሥሯ የተጠቀለለ የውሃ ጎማ አለ። ትንሽ ወደ ግራ ሳደርጋት ያለ ችግር ወረደች።

ሲጨልም የሆዷ መብራት መሬት ስትቀርብ ራሱ ይበራል፤ ለማረፍ ይበቃል። የኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ደንብ ለሌሊት በረራ የሚጠይቀውን፣ ከ3 ማይል የሚታየውን ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ግን አይተካም፤ እሱን ለብቻው ግዙ።

ስኖው ሌላ ነገር ነው። አዲስ የወረደ ስኖው ነጭ ብቻ ስለሆነ ካሜራዎቹ የሚይዙት ምልክት የለም፤ መመሪያውም በስኖው በተሸፈነ መሬት ላይ የመነሻውን መልክ እያመሳከረች በምታርፍበት ዘዴ እንዳንተማመን ይናገራል። በዚያ ላይ ፕሮፔለሮቹ ዱቄቱን አስነስተው ዙሪያዋን ይጋርዱታል። ሄሊኮፕተር አብራሪዎች በረሃ ላይ በአቧራ፣ ተራራ ላይ በስኖው የሚፈሩት ይኸው ነው፤ መሬት ሊነኩ ሲሉ መሬቱ ከዓይናቸው ይጠፋል። እኔ አካፋ ይዤ ሰፋ አድርጌ እጠርጋለሁ፣ ዙሪያውን በእግሬ እረግጣለሁ፣ ከዚያ ምንጣፉን አነጥፋለሁ። መጀመሪያ የገዛሁት ስስ ምንጣፍ ድሮኗ ስትቀርብ ጠርዙ ወደ ፕሮፔለሩ ይነሳ ነበር፤ ይህ አደገኛ ነው። አብሮት የመጣው ካስማም የቀዘቀዘ መሬት አይወጋም። አሁን ወፍራሙን ገዝቼ አራቱንም ማዕዘን በአሸዋ ከረጢት እጭናለሁ።

ባትሪውን በተመለከተ፣ 46 ደቂቃ የሚባለው ነፋስ በሌለበት የተለካ ነው። ዴንቨር ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ስስ ነው፤ ብርዱም ይጨመርበታል። ስለዚህ 40 በመቶ ሲደርስ እመልሳታለሁ። ይበዛል የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን መጀመሪያ የመረጥኩት ቦታ ባይሆን ተረጋግቼ ሌላ የምፈልግበት ጊዜ እፈልጋለሁ።

ፋብሪካው እስከ 12 ሜትር በሰከንድ ነፋስ ትችላለች ይላል። አየር ላይ እውነት ነው፣ ጸንታ ትቆማለች። በሁለት ቤቶች መካከል የሚሽከረከረው ነፋስ ግን አቅጣጫው ስለማይታወቅ፣ ከተራራው በኩል የሚመጣው ነፋስ በበረታ ቀን ቀጠሮ አዛውራለሁ።